የእመት ሩቂያ ድርሻ

በልብ ውስጥ የተሸሸገውን ሁሉ የሚያውቀው አላህ የተመሰገነ ይሁን።

ደጋው አልቆ ቆላው በሚጀምርበት አፋፍ ላይ፣ ስሟን ባልጠራው የምመርጣት አንዲት የጥንት ከተማ አለች። ከተማዋን ከተማ ያሰኛት ገበያዋ ወይም ሹሟ አልነበረም፤ መስጊዷና በመስጊዷ ጎን ያረፉት የአላህ ወዳጅ፣ ወሊዩ፣ ናቸው። መስጊዱን ማን እንደሠራው በትክክል የሚያውቅ የለም። ምሰሶዎቹ ድፍን የጥድ ግንዶች ናቸው፤ ስንትና ስንት ትውልድ በእጁና በጀርባው ሲያሻቸው ኖሮ፣ ከሰው ትከሻ በታች ያለው ክፍላቸው እንደ ቀንድ ለስልሶ ጠቁሯል። ከመስጊዱ በስተቀኝ ያለው ክብ ቤት የወሊዩ መቃብር ነው። ሕዝቡ አባ ረህማ ይላቸዋል። በሕይወት ሳሉ ደም የተቃቡ ሰዎችን ሲያስታርቁ ኖረው እዚያው እንዳረፉ ይነገራል፤ ስለዚህም በግቢያቸው የሚከበር አንድ ደንብ ነበር። ደም ያለበት ሰው አጥሩን አልፎ ከገባ ማንም አይነካውም። አሳዳጁ ጦሩን በሩ ላይ አስደግፎ ሊሰግድ ቢገባና ገዳዩን ከፊቱ ሰልፍ ላይ ቆሞ ቢያገኘው እንኳ፣ ሰግዶ፣ አሰላምቶ ይወጣል እንጂ እጁን አያነሳም።

ከዚህች ከተማ አንድ ቀን በሚያስኬድ መንደር ሸህ ሱሩር የሚባሉ አዛውንት ይኖሩ ነበር። የሚተዳደሩት በእርሻ ነው፤ ስማቸው የታወቀው ግን በማስታረቅ ነበር። ሸህ ሱሩር የሟች ቤተሰብ ቤት ሲደርሱ አይቀመጡም። ደጃፍ ላይ ቆመው፣ “ለአላህ ስጡኝ” ይላሉ። እስኪሰጧቸው ድረስ ውሃ እንኳ አይቀምሱም። ፀሐዩ ሲያቃጥላቸው ያየ የሟች አባት ወይም ወንድም በመጨረሻ እጁን ይሰጣል፣ ደሙም ይደርቃል። የሟች እናት ከጓዳ ስታለቅስ ይሰማቸው ነበር። የእናት ልቅሶ ግን ያለ ነው ብለው ያልፉታል።

ሸህ ሱሩርና ባለቤታቸው እመት ሩቂያ አብራር የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። ሌሎቹ በጨቅላነታቸው አልፈው፣ አብራር የመጣው ሁለቱም ተስፋ ከቆረጡ በኋላ ነው። ሚስት ሊያጩለት በተዘጋጁበት ዓመት፣ ዝናብ ቀርቶ የመስኖው ውሃ ባነሰበት ሰሞን፣ አብራር ተራውን ሊጠብቅ ወደ ቦዩ ወረደ። እዚያም ይመር አራጋው ከሚባል የወንዝ ማዶ ጎልማሳ ጋር ተጣላ። አንዱ ቦዩን ዘጋ፣ ሌላው ከፈተ። ቃል ቃልን አነሳው። ይመር በእጁ የያዘውን ዶማ ሰነዘረ፤ አብራርም ቦዩ ዳር ወደቀ። ሰው ሲደርስ ሞቷል። ይመር ሸሽቶ፣ ሳያርፍ ሄዶ አባ ረህማ ግቢ ገባ።

ሸህ ሱሩር ልጃቸውን በገዛ እጃቸው አጥበው ቀበሩ። “ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን” ከማለት በቀር ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ወንድሞቻቸው ጦር ይዘው ሲነሱ፣ “ማንም ከቤቱ አይውጣ” ብለው አስቀመጧቸው። እመት ሩቂያ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጮኸው አለቀሱ፤ ከዚያ በኋላ ዝም አሉ። የአብራርን ቡሉኮ ሳያጥቡ አጣጥፈው ከራስጌያቸው አኖሩት። ባልና ሚስቱ በአንድ ቤት እየኖሩ፣ ለማዘን የየራሳቸውን ጥግ ያዙ።

የይመር ዘመዶች ሽማግሌ ላኩ። ሸህ ሱሩር፣ “ገና ነው” ብለው መለሷቸው። እንደገና ላኩ፤ እንደገና መለሷቸው። ያን ጊዜ የሰው ዓይን ተለወጠ። በገበያ ሲያልፉ ወሬ ይቋረጣል። አንድ ቀን፣ ከዓመታት በፊት የወንድሙን ደም እንዲምር ደጁ ላይ የቆሙበት ሰው መንገድ ላይ አገኛቸውና፣ በአክብሮት እጃቸውን ከሳመ በኋላ፣

“ሸሁ፣ እኛስ የሰጠነው የበግ ደም ነበር እንዴ?” አላቸው።

ሸህ ሱሩር መንገዳቸውን ቀጠሉ። ይህች ቃል ግን ከልጃቸው ሞት ባልተናነሰ እንቅልፍ ነሳቻቸው። ስለ ጉዳዩ ከሰው ጋር አልተማከሩም፤ ለእመት ሩቂያም አንድም ቀን አላነሱላቸውም።

የመውሊድ ወር ሲገባ እመት ሩቂያ ራሳቸው ተናገሩ።

“ዘንድሮ አባ ረህማ ለዚያራ ይውሰዱኝ።”

“ምን ልትለምኚ ነይተሽ ነው?”

“አብራርን በህልሜ እንዲያሳየኝ አላህን ልለምነው። ከሞተ ጀምሮ አንድም ቀን አልመጣልኝም።”

ሸህ ሱሩር፣ “ይመር እዚያ እንዳለ ታውቂያለሽ አይደል?” አሉ።

“አውቃለሁ። እኔ የምሄደው ወደሱ አይደለም።”

ወጥተው አንድ ቀን ሲጓዙ ዋሉ። ከተማዋ ሲደርሱ ግቢው በሰው ሞልቶ ነበር። ከቆላ የመጡት ከነግመሎቻቸው ከአጥሩ ውጭ ሰፍረዋል፤ ከደጋ የመጡት በጥዶቹ ሥር ተኮልኩለዋል። በሩ ላይ ጫማቸውን አወለቁ፣ ከምንጩ ውዱእ አደረጉ፣ “አሰላሙ ዐለይኩም የቀብር ሰዎች” ብለው ገቡ። ሸህ ሱሩር ወደ ወንዶቹ፣ እመት ሩቂያ ወደ ሴቶቹ መግቢያ ሄዱ። ሲለያዩ እመት ሩቂያ መለስ ብለው ባላቸውን አዩ። ሸህ ሱሩር ያንን ዓይን ከዚያ በኋላ ብዙ ጊዜ አስበውታል። አንዳች ነገር ሊሏቸው ፈልገው ይሆን? ወይስ እንዲሁ ነው? አልጠየቋቸውም።

በማግስቱ የቀትሩ ዙሁር ከተሰገደ በኋላ ድቤው ተመታ፣ መንዙማው ቀለጠ። የመስጊዱ ኢማም ሸህ ሙዘይን ሸህ ሱሩርን ከፊት አስቀመጧቸው። የመንዙማው ሀድራ ሲሞቅ ኢማሙ ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉና፣

“ሸህ ሱሩር፣ ይመር ዛሬ ለእርቅ ሊወጣልዎ ነው። እንዳላሳፍርዎ ብዬ ነው የነገርኩዎ” አሉ።

ሸህ ሱሩር ሳይመልሱ ሕዝቡ መሀሉን ከፈተ። ይመር የሙጃ ሣር ገመድ በወገቡ አስሮ፣ ትልቅ ጥቁር ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ መጣ። ሸህ ሱሩር በሐሳባቸው ደጋግመው የገደሉት ጎልማሳ ይህ አልነበረም። ከስቷል፤ ጉንጩ ጎድጉዷል። እግራቸው ሥር በግንባሩ ተደፋ። ድንጋዩ ከማጅራቱ አልወረደም። ድንጋዩን የሚያወርደው የተበደለው ብቻ ነውና።

ከሕዝቡ መሀል አንድ ድምፅ፣ “ለአላህ ይስጡን!” አለ።

ሌላው ተቀበለው። ከዚያ ግቢው በሙሉ፣ “ለአላህ ይስጡን! ለነቢ ይስጡን! ለአባ ረህማ ይስጡን!” እያለ ተነሳ። በየሰው ደጅ ይሏት የነበረችው ቃል ዛሬ ወደሳቸው ዞረች። የሚያውቋቸው ፊቶች ሁሉ ይጠብቋቸዋል። ሸህ ሱሩር አጎነበሱ። ድንጋዩን ከማጅራቱ አንስተው መሬት ላይ አኖሩትና፣

“ለአላህ ብዬ ምሬሃለሁ” አሉ።

እልልታው ጥዶቹን አናወጠ። አዛውንቶች አለቀሱ። ኢማሙ ግንባራቸውን ሳሟቸው። ሸህ ሱሩር ልባቸው ቀለል አለ። የቀለለው ከሐዘኑ ይሁን ከሰው ዓይን፣ በዚያች ሰዓት አልለዩትም።

እመት ሩቂያ በዚህ ጊዜ መቃብሩ ቤት ውስጥ ግንባራቸውን ከአረንጓዴው ጨርቅ ላይ አድርገው ዱአ ላይ ነበሩ። አንዲት ሴት ሮጣ ገብታ አቀፈቻቸውና፣ “እንኳን ደስ ያለዎ! ሸሁ ማሩት!” አለቻቸው። እመት ሩቂያ ዱአቸውን አልጨረሱም። ተነሱ፤ በሴቶቹ መሀል፣ ከዚያም በወንዶቹ መሀል አልፈው መጡ። ሕዝቡ እርቁን ሊያጸኑ የመጡ መስሎት መንገድ ለቀቀላቸው። ከባላቸው ፊት ቆሙ።

“ሱሩር” አሉ። ስማቸውን ያለ ሸህ ብቻውን ጠርተውት አያውቁም ነበር። “የኔን ድርሻ ማን ሰጠህ?”

ባላቸውን አንተ ማለታቸው ከነገሩ በላይ የሰቀጠጠው ሰው ነበር። ከኋላ፣ “ሸይጧን ነው፣ አውዙቢላሂ በሉ!” የሚል ተሰማ። ሁለት ሴቶች ክንዳቸውን ሊይዙ መጡ።

ሸህ ሱሩር ዝም ቢሉ ይበቃቸው ነበር። ሕዝቡ ሚስታቸውን መልሶ ያስወጣቸዋል፤ ሐዘን አሳበዳቸው ይላል፤ የሸሁም ክብር እንደተከበረ ይቀራል። ይህን ያውቁት ነበር። ግን እጃቸውን አነሱና፣

“ተዉአት። እውነቷን ነው። የልጁ ደም ባለ ሀቅ እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ደግሞም አልጠየቅኳትም” አሉ።

ወደ ኢማሙም ዞረው፣ “ሸህ ሙዘይን፣ የሸሪዓውን ንገሩን” አሉ።

ኢማሙ ተጨነቁ። “ከባለ ሀቆቹ አንዱ ከማረ ገዳዩን በደሙ መግደል ቀርቷል፤ አይመለስም። የቀሩት ግን የደም ካሳ ድርሻቸው አለ። እመት ሩቂያም ከካሳው ከብት የሚደርስዎትን ይቀበላሉ” አሉ።

እመት ሩቂያ ኢማሙን አዩዋቸው።

“ላም ነው እንዴ የወለድኩት?”

እመት ሩቂያ ከዚያ መሬት ላይ ወደ ተደፋው ሰው ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር፤ የቀረቡት ብቻ ሰሙት።

“አንተ ልጅ። ሲወድቅ ምን አለ?”

ይመር ቀና አላለም። “እማማ፣ ይተዉኝ” አለ።

“ከመውደቁ በፊት የተባባላችሁትን አልጠየቅኩህም። ሲወድቅ ምን አለ?”

“‘ውሃ’ አለ።”

“ሰጠኸው?”

“ሮጥኩ።”

ቦዩ እኮ እግሩ ሥር ነበር! እመት ሩቂያ ይህን በአፋቸው አላሉትም። ቀና ብለው ባላቸውን አዩ። “ይህን ሰምተህ ነው የማርከው?”

“አልሰማሁም።”

“አልጠየቅከውማ። ያላወቅኸውን ነው የማርከው። የኔንም ሳታውቀው ሰጠህብኝ።”

ሸህ ሱሩር የተናገሩት ቃል እንደማይመለስ ያውቃሉ። ቢመለስ እንኳ ሰው ይሞታል እንጂ አብራር አይነሳም። ለሚስታቸው የሚመልሱት ምንም ነገር በእጃቸው አልነበረም። ቀስ ብለው ተንበረከኩ። መሬት ላይ ያኖሩትን ጥቁር ድንጋይ በሁለት እጃቸው አነሱ፣ በማጅራታቸው ላይ ጫኑት፣ ከእመት ሩቂያ እግር ሥር ተደፉ።

“በድዬሻለሁ፤ አውፍ በይኝ” አሉ።

ሕዝቡ አለቀሰ። “ይማሯቸው! ለአላህ ይማሯቸው!” እያለ ተማጸነ። እመት ሩቂያ ድንጋዩን ለረጅም ጊዜ አዩት። አላወረዱትም። ሻሻቸውን አስተካክለው ወደ በሩ ሄዱ፣ ጫማቸውን አደረጉ፣ የመጡበትን መንገድ ያዙ።

ሸህ ሱሩር ድንጋዩን እንደ ተሸከሙ ተከተሏቸው። የሚያግዛቸው መጣ፣ መለሱት። እመት ሩቂያ ከፊት፣ ሸህ ሱሩር ከኋላ፣ በመሀላቸው ድንጋይ ቢወረወር የማይደርስ ያህል ርቀት። ወሬው ቀድሟቸው ስለሄደ በየመንደሩ ሰው መንገድ ዳር ወጥቶ ጠበቃቸው። ሸህ ሱሩር ሲያልፉ ጉልበታቸውን የሚስም፣ የነኩትን አፈር ለበረካ የሚያነሳ ነበር። “ሱብሃነላህ፣ ምን ዓይነት ትሕትና ነው!” ይላል። እመት ሩቂያ ሲያልፉ ግን ፊቱን ያዞራል። “ልቧ ድንጋይ ነው፤ ወሊዩ ግቢ ውስጥ እንኳ አልራራም” የሚል ቃል ከሁለቱም ጆሮ ገባ።

የዐስርን ሶላት ሊሰግዱ አንድ ወንዝ ዳር ቆሙ። ሰግደው ሲያበቁ ሸህ ሱሩር ድንጋዩን ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ። ያን ጊዜ እመት ሩቂያ ከከተማዋ ከወጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገሩ።

“ተወው።”

ሸህ ሱሩር ቀና አሉ። ተስፋ ዓይናቸው ላይ ሳይታይ አልቀረም።

“ምሬህ አይደለም” አሉ እመት ሩቂያ። “ይህ ድንጋይ አንተን ወሊይ፣ እኔን ሸይጧን እያደረገ ነው። ስትሰጥም ተመሰገንክ፣ ስትጸጸትም ተመሰገንክ። እኔ ልጄን አጥቼ ተረገምኩ። ተወው፣ እንደ ሰው እንግባ።”

ሸህ ሱሩር ድንጋዩን እዚያው ወንዝ ዳር ትተው ተነሱ። ከማጅራታቸው በወረደ ጊዜ እንደከበዳቸው፣ በተሸከሙት ጊዜ እንዳልከበዳቸው በኋላ ተናግረዋል። በዚያች ቀን ውስጣቸውን ሲመረምሩ፣ የሕዝቡ ምስጋና ጥፍጥናው ከምላሳቸው ሥር እንዳለ አገኙት። ሪያ፣ ለታይታ መሥራት፣ እንዲህ ተሸሽጎ ይገባል ብለው ፈሩ።

ሌሊቱ ሲጋመስ ቤታቸው ገቡ። እመት ሩቂያ እሳት አነደዱ፣ ራት አቀረቡ። ከዚያች ቀን ጀምሮም ባላቸውን መልሰው “እርስዎ” ማለት ጀመሩ። የቀድሞው እርስዎ ግን አልነበረም፤ ለእንግዳ የሚባለው ነው። ሸህ ሱሩርን ከዚያች “አንተ” ይልቅ ይህ ጎዳቸው። በአንተዋ ውስጥ ቢያንስ ንዴት ነበረባት።

ዓመታት አለፉ። ይመር አግብቶ ወለደ፤ በመኸር ጊዜ እህሉን በአህያ ጭኖ እመት ሩቂያ ደጅ ያራግፍ ነበር። እመት ሩቂያ አልረገሙትም፣ እህሉንም አልነኩትም፤ የመንደሩ ችግረኞች ወሰዱት። ሸህ ሱሩር ለእርቅ ሲጠሩ መሄዳቸውን አልተዉም። ግን ደጃፍ ላይ መቆማቸው ቀረ። መጀመሪያ ጓዳው በር ላይ ተቀምጠው የሟችን እናት፣ ሚስቱን፣ እህቱን አንድ በአንድ ይጠይቃሉ፤ እምቢ ካለች አይለምኗትም፣ ከእርቁም ይወጣሉ። በዚህ ምክንያት ብዙ እርቅ ፈረሰ። በአንዱ ቤት እናቲቱ እምቢ ስላለች ሳይታረቁ ቀርተው ሌላ ሰው ተገደለ። ሕዝቡ፣ “ሸህ ሱሩር ጃጅተዋል፤ በሴት ቃል ደም ያስፈስሳሉ” አለ። የዚያ ሟች አባት መጥቶ ፊታቸው ላይ ምራቁን ተፋ። ሸህ ሱሩር ፊታቸውን ጠርገው፣ “ሀቅ አለህ” አሉት። ልክ ሠርቻለሁ ብለው አልተከራከሩም። ስሕተት ነበርም አላሉም። ከዚያ በኋላ የሚጠራቸው ሰው ቀነሰ፤ በመጨረሻም ቀረ።

እመት ሩቂያ ታመው በተኙ ጊዜ ሸህ ሱሩር ከአጠገባቸው አልተለዩም። ውሃ በማንኪያ ያጠጧቸዋል፣ ትራሳቸውን ያስተካክላሉ። ይቅርታ ግን አልጠየቋቸውም። እስኪሰጧቸው የማይቀመጡት ሰው፣ በሞት አፋፍ ያለች ሴትን መለመን ማስገደድ ነው ብለው አፋቸውን ያዙ። አንድ ጠዋት እመት ሩቂያ ከእንቅልፋቸው ነቅተው ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩና፣

“ዛሬም አልመጣም” አሉ።

ሸህ ሱሩር ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። እመት ሩቂያ በዚያው ቀን ሸሃዳቸውን ይዘው አለፉ።

ጀናዛቸው ላይ ሸህ ሙዘይን አርጅተው፣ በበቅሎ መጥተው አሰገዱ። እንደ ወጉ፣ “በእመት ሩቂያ ላይ ሀቅ ያላችሁ አውፍ በሉ” አሉ። ሰው ሁሉ አውፍ አለ። ያን ጊዜ ከመንደሩ ትልልቅ ሰዎች አንዱ ሸሁን ለማጽናናት ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

“እሷም ሸሁን ምራ ነው የሄደችው! አልሃምዱሊላህ!” አለ።

ሕዝቡ እፎይ አለ። “አልሃምዱሊላህ” ተባለ። ያ ሁሉ ዓመት የመንደሩን ሆድ ሲያስጨንቅ የኖረ ነገር በአንድ ቃል ሊዘጋ ነው። ኢማሙም በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሸህ ሱሩር ከመቃብሩ አፍ ላይ ቆመው ነበር። “አልማረችኝም” አሉ።

ኢማሙ ጠጋ ብለው፣ “ሸህ ሱሩር፣ በልቧ ምራዎት ይሆናል። ለሷም መልካም ስም ነው፤ ይተዉት” አሏቸው በሹክሹክታ።

ሸህ ሱሩር ዓይናቸው እንባ ሞልቶ፣ ድምፃቸው ግን ሳይናወጥ፣

“ምራኛለች ብል፣ አሁንም ሳልጠይቃት ሰጠሁባት ማለት ነው” አሉ።

ከዚያም ጎንበስ ብለው አፈሩን ገፉ።

እነሆ፣ ብዙ ሰው ይህን ታሪክ በዚያ መስጊድ ግቢ ሲያወራ ሰምተነዋል። የሚበዙት የሚያወሩት ሸሁ ድንጋዩን ከገዳዩ ማጅራት እስካነሱበት ድረስ ነው። እልልታው ላይ ያቆሙታል። አንዳንዱ ደግሞ እመት ሩቂያ ሊሞቱ ሲሉ ማሩ ብሎ ይጨምርበታል፤ ሰሚው እንዳይከፋው።

ዑለሞች እንዳስተማሩን፣ አላህ በራሱና በባሪያው መካከል ያለውን በእዝነቱ ያልፈዋል፤ ባሪያ በባሪያ ላይ ያለው ሀቅ ግን ባለቤቱ እስኪተወው ይጠበቃል። ይህን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ሆኖም የተበደለ ሰው ገና ዓይኑን ሳይጠርግ፣ ይቅር በል ብለን ከፊቱ የምንቆም እኛው ነን። እንዲምር የምንቸኩለው ለሱ ነፍስ አዝነን ነው ወይስ ልቅሶው ስለሰለቸን? ሸህ ሱሩር ይህን ጥያቄ ለራሳቸው አቅርበው፣ መልሱ ባያምራቸውም አልሸሹትም። ከሳቸው የምንማረው ምሕረታቸውን ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀለለን ነበር።

እመት ሩቂያ በጌታቸው ፊት ሲቆሙ ምን እንደሚሉ አናውቅም። ሸህ ሱሩርም አላወቁም፤ ሳያውቁ ኖረው ሳያውቁ ሞቱ። ታሪኩን የምታወሩ ሰዎች፣ እንዲያምር ብላችሁ አትጨምሩበት።